አክተሩ ሲያረጅ

የአክሽን ፊልም ጀግና ሁለት ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው በፊልሙ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ በዚያ ጥይት አይነካውም፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወድቅ የሚሰበረው መስኮቱ ብቻ ነው፣ ሸሚዙም የሚቀደደው ጡንቻው በሚታይበት በኩል ነው። ሁለተኛው በወዳጆቹ አፍ የሚኖረው ነው። ይኼኛው የሚጀምረው አክተሩ መሮጥና መዝለል ካቆመ በኋላ ሲሆን ርዝመቱ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሲልቬስተር ስታሎን በ1946፣ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በ1947፣ ስቲቨን ሲጋል በ1952፣ ዶልፍ ሉንድግሬን በ1957፣ ዣን ክሎድ ቫን ዳም በ1960 ተወለዱ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎቹ ሸምግለዋል፤ በእነሱ ላይ የሚደረገው ክርክር ግን ገና ጎረምሳ ነው።

ተከራካሪዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ያዝ የሚያደርጉበት ዕድሜ ላይ የደረሱ። የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ጥቂትና የማያልቁ ናቸው። ስታሎንና አርኖልድ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል? ከሁሉም የእውነት ተደባዳቢው ማን ነው? ቸክ ኖሪስ በ1972ቱ ፊልም ሮም ኮሎሲየም ውስጥ በብሩስ ሊ የተሸነፈው አቅቶት ነው ወይስ ደመወዙ ስለተከፈለው? ቫን ዳም እግሩን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ሱሪው የማይተረተረው ለምንድን ነው? መልሱን ሁሉም ያውቃል፤ የሚከራከሩት ስለማያውቁት አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ወገን አባላት የተመረቁት ከቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ፣ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ መስኮቱ ላይ የተወጠረ ጨርቅና በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ጎረምሳ ነው። የፊልሙን ርእስ የሚጠይቅ አልነበረም፤ «የአርኖልድ» ወይም «የቫን ዳም» ከተባለ ይበቃል። ስታሎንማ ስሙን ጭምር ተነጥቆ «ራምቦ» ሆኖ ቀርቷል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚታወቅ አንድ «አክተሩ» ነበር፤ «አክተሩ አይሞትም» የሚለው ደግሞ ይግባኝ የሌለው ሕግ ነበር። እንግሊዝኛው አይገባም፤ ቢሆንም ቴስታና ካልቾ አስተርጓሚ አይሹም። ፊልሙ ሲያልቅ ሰፈር ውስጥ እንደገና ይሠራል፤ በዚህኛው ቅጂ ጠላት ሆኖ የሚደበደበው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ልጅ ነበር። ያ ትንሽ ልጅ ዛሬ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ጨካኙ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ሕጉን በግልጽ የጣሰው በ1996 የወጣው «ኤክሴኪዩቲቭ ዲሲዥን» ነው። ስቲቨን ሲጋል ፖስተሩ ላይ ነበር፤ የኮማንዶዎቹ አዛዥም እሱ ነበር፤ ይሁንና ፊልሙ ገና ሳይጋመስ አውሮፕላን ለአውሮፕላን ሲሸጋገር ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ተመልካቹ የሚያሳልፈው ሰውዬው ከደመና ውስጥ ተመልሶ እስኪመጣ በመጠበቅ ነው። አይመጣም። የሲጋልን ቁልቁለት ከዚህ ቀን ጀምረው የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉ፤ ብዙም አልተሳሳቱም።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ኮከብ ሆኑ የሚለው የክርክሩ ደህና ክፍል ነው፤ ምክንያቱም እውነቱ ከፊልሞቻቸው ይልቅ ፊልም ይመስላል። አብዛኞቹ መጀመሪያ ሰውነት ነበራቸው፤ ተዋናይነቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ጨርሶ ያልመጣላቸውም አሉ። አርኖልድ ከኦስትሪያ መንደር ወጥቶ «ሚስተር ኦሎምፒያ» የተባለውን የጡንቻ ውድድር ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ነው። ሲጋል ጃፓን፣ ኦሳካ ውስጥ አይኪዶ ያስተምር ነበር። ኖሪስ የካራቴ ሻምፒዮን ነበር። ሉንድግሬን ደግሞ ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ በሩን ከፍቶለት ሳለ ትምህርቱን ጥሎ ፊልም ውስጥ ቡጢ መሰንዘር የመረጠ ሰው ነው። በ1985 በወጣው «ሮኪ 4» ላይ ቃሉ በጣት የሚቆጠር ሲሆን ቡጢው ግን የእውነት ነበር፤ ስታሎን ለቀረጻ ብሎ በደንብ ምታኝ ማለቱንና ደረቱን ተመትቶ ሆስፒታል መግባቱን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ስታሎን ራሱ ከሌሎቹ የሚለየው በብዕሩ ነው፤ በ1976 «ሮኪ»ን የጻፈው እሱ ነው፤ ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል። የስታሎን ወገኖች ክርክር ሲጠብባቸው ይህችን ይመዝዛሉ፤ የአርኖልድ ወገኖች ደግሞ ያን ጊዜ ሻይ ማዘዝ ይወዳሉ።

የእነዚህን ሰዎች ፊልም በገፍ ያመረተው ደግሞ ካነን የተባለው ኩባንያ ነበር። ባለቤቶቹ ሜናሄም ጎላንና ዮራም ግሎቡስ የተባሉ እስራኤላውያን የአክስትና የአጎት ልጆች ሲሆኑ ኩባንያውን በ1979 ገዙት። «ሚሲንግ ኢን አክሽን»፣ «አሜሪካን ኒንጃ»፣ «ዴልታ ፎርስ»፣ «ኮብራ»፣ «ብለድስፖርት» ሁሉ የዚህ ቤት ፍሬዎች ናቸው። አሠራራቸው የዋዛ አልነበረም። መጀመሪያ ፖስተር ያሠራሉ፤ ፖስተሩን ይዘው ካን ፊልም ፌስቲቫል ይሄዳሉ፤ ለየአገሩ አከፋፋይ ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ እጃቸው ሲገባ ስለ ፊልሙ ማሰብ ይጀምራሉ። የቪዲዮ ካሴት ገበያው እየሰፋ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ በደንብ ሠራ፤ ኪራይ ቤት ውስጥ ሰው የሚያየው ሽፋኑን ነውና። ቫን ዳምም በዚሁ በር ነው የገባው። ከዚያ በፊት በ1987ቱ «ፕሬዳተር» ላይ ጭራቁን ሆኖ እንዲጫወት ተቀጥሮ ነበር፤ ፊቱ በማይታይበት ልብስ ውስጥ አስገብተው በሙቀት ሲቀቅሉት ሰነበቱና ብዙ ሳይቆይ በሌላ ሰው ተተካ። በዓመቱ «ብለድስፖርት» ወጣ፤ ያን ጊዜ ፊቱም እግሩም ታየ።

የማሽቆልቆሉ ምክንያት አንድ አይደለም፤ ዕድሜ ብቻም አይደለም። ስታሎን በአንድ ወቅት የዘመናቸውን ማብቂያ ምልክት በ1989ኙ «ባትማን» ላይ እንዳየው ተናግሯል፤ ጡንቻ ከልብስ ጋር ተሰፍቶ የሚመጣ ከሆነ ዓመት ሙሉ ብረት ማንሳት ምን ይሠራል? ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የባሰው መጣ። በሰኔ 1993 «ጁራሲክ ፓርክ» ተከፈተ፤ ልክ በሳምንቱ የአርኖልድ «ላስት አክሽን ሂሮ» ተከተለ። የምድሩ ኃይለኛ ሰው ከጠፋ ስንት ሚሊዮን ዓመት በሆነው እንስሳ ተረታ፤ እንስሳው ደግሞ በከፊል ኮምፒዩተር ውስጥ የተሠራ ነበር። በ1999 «ማትሪክስ» ሲመጣ ካራቴ የማያውቅ ተዋናይ ለጥቂት ወራት በሆንግ ኮንጉ ባለሙያ በዩን ዉፒንግ ሠልጥኖ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ከሻምፒዮኖቹ የተሻለ ሲደባደብ ታየ። ከዚህ በኋላ ፈርጣማነት ሙያ መሆኑ ቀረ።

ሌላ ሌላውን ጥፋት ራሳቸው ጨምረውበታል። ሲጋል በ1992 «አንደር ሲጅ»ን ሠርቶ ነበር፤ የመርከብ ምግብ አብሳይ ሆኖ መርከቢቱን የሚያድንበት፣ በድምፅ ሥራው ለሁለት ኦስካር የታጨ ጥሩ ፊልም ነው። በዚያ ስኬት ተነሣሥቶ በ1994 «ኦን ዴድሊ ግራውንድ»ን ራሱ አዘጋጀ። በዚህ ፊልም ዘይት ማውጫውን ካጋየና ሰዉን ከጨረሰ በኋላ ቆሞ ስለ አካባቢ ጥበቃ ረዥም ንግግር ያደርጋል። የተናገረው ነገር እውነት ነው፤ ችግሩ ከእሱ አፍ ለመስማት ገንዘብ የከፈለ አለመኖሩ ነው። ለፊልሙ የዓመቱ መጥፎ አዘጋጅ የሚለውን የ«ራዚ» ሽልማት ሰጡት። በስታሎን ላይ የደረሰው ደግሞ ተንኮል ያለበት ነው። አርኖልድ አንድ ደካማ ጽሑፍ አንብቦ እንደማይረባ ያውቃል፤ ነገር ግን ይህን ፊልም ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ወሬ ያስነዛል። ያን ጊዜ ሁለቱ ባላንጣዎች ነበሩ፤ ስታሎን ወሬው እንደደረሰው ቀድሞ ነጠቀው። ውጤቱ በ1992 የወጣው፣ ፖሊስ ልጅ ከእናቱ ጋር ወንጀለኛ የሚያሳድድበት «ስቶፕ! ኦር ማይ ማም ዊል ሹት» ነው። ኋላ ታረቁና ዛሬ ሁለቱም ታሪኩን እየሳቁ ያወሩታል። ሁለቱን ማን ያሸንፋል ለሚለው የዘመናት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አልተገኘም።

ሲኒማ ቤት ሲዘጋባቸው ኮከቦቹ በካሴት፣ ከዚያም በዲቪዲ፣ ከዚያም በኢንተርኔት በቀጥታ ወደሚሸጠው ፊልም ወረዱ። እዚህ የካነን ፖስተር ብልሃት ተመልሶ ይመጣል። አከፋፋዩ የሚገዛው ፊት ነው፤ ስለዚህ አምራቹ ገንዘቡን ለፊቱ ይከፍላል፤ ለቀረው ነገር የቀረውን ያውላል። ቀረጻው ርካሽ በሆነበት አገር፣ ብዙ ጊዜ ቡልጋሪያ ወይም ሩማንያ ይሆናል። አንጋፋው ለጥቂት ቀናት መጥቶ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ ትእዛዝ ሰጥቶ ይሄዳል። ሮጦ የሚደባደበው ስሙን ማንም የማያውቀው ወጣት ነው፤ ፖስተሩ ላይ ግን የወጣቱ ፊት ቴምብር ያክላል፣ የሽማግሌው ፊት ሰማዩን ይሸፍናል። ሲጋል በዚህ ዘርፍ አቻ የለውም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው የሚደበድብባቸው ትዕይንቶች አሉት፤ ከጀርባ ሲታይ የሚቀጥን ትከሻ አለው፤ በአንዳንዶቹ ፊልሞች ድምፁ ሳይቀር የሌላ ሰው ነው። ወዳጆቹ እውነተኛውን ሲጋል ከምትኩ መለየት የሚችል ዓይን አፍርተዋል፤ ይህንንም እንደ ሙያ ይመኩበታል።

የደጋፊዎቹ ወገኖች እንደ አክተሮቻቸው ጠባይ ይለያያሉ። የአርኖልድ ደጋፊ የማሸነፍ ልማድ ያለው ነው፤ ሰውዬው ከ2003 እስከ 2011 የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ ስለነበር ክርክሩን ከፊልም አውጥቶ ወደ ታሪክ ይወስደዋል። የስታሎን ደጋፊ ስሜተኛ ነው፤ ስለ ሮኪ ሲያወራ ዓይኑ ይረጥባል፤ ስለ «ራምቦ 3» ሲጠየቅ ግን ቀጠሮ ያስታውሳል። የቫን ዳም ደጋፊ ልቡ የዋህ ነው፤ ሰውዬው መንትያ ሆኖ በአንድ ፊልም ሁለቴ ሲመጣ ጉርሻ ይመስለዋል። የኖሪስ ደጋፊ በ2005 አካባቢ በኢንተርኔት ስለ ኖሪስ የማይቻል ነገር ሁሉ ቻለ የሚሉ ቀልዶች ከተዛመቱ ወዲህ ቁም ነገሩን ከቀልዱ መለየት አቅቶታል። የሉንድግሬን ደጋፊ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ስለ ኬሚካል ምሕንድስናው ሳይናገር ከመቀመጫው አይነሣም። የዌስሊ ስናይፕስ ደጋፊ ከሁሉም የሚበልጥ ትዕግሥት ነበረው። ስናይፕስ የግብር ሰነድ ባለማቅረብ ተፈርዶበት ከ2010 እስከ 2013 ታስሮ ወጣ፤ በ2014 «ዘ ኤክስፔንዴብልስ 3» ላይ ለምን ታሰርክ ሲባል በግብር ብሎ ቀለደ፤ በ2024 ደግሞ በ«ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» ውስጥ የድሮውን «ብሌድ» ሆኖ ሲመለስ ሲኒማ ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ከእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ሴት የለችም፤ ይህ የደጋፊዎቹ ጉድለት ነው እንጂ የዘርፉ አይደለም። በ1985 ሆንግ ኮንግ ውስጥ «የስ፣ ማዳም!» በተባለ ፊልም ሲንቲያ ሮትሮክና ሚሼል ዮ አብረው ወንዶችን በመስታወት ውስጥ ሲወረውሩ ነበር። ዮ በ2023፣ በ60 ዓመቷ፣ የምርጥ ዋና ተዋናይት ኦስካር ወሰደች። በዚህ ጽሑፍ ከተጠሩት ወንዶች አንዱም በትወና ኦስካር የለውም። ተከራካሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ርእስ ይቀይራሉ።

ወደ ገምጋሚዎቹ እንምጣ። የድሮው የፊልም ሃያሲ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ፣ ክራቫት የሚያስር፣ የአክሽን ፊልም ሲላክበት የሚያዝን ሰው ነበር። የኢንተርኔቱ ገምጋሚ ግን የመጣው ከዚያ ቢሮ ሳይሆን ከአግዳሚ ወንበሩ ነው። ማስረጃው የታወቀው «ሮተን ቶሜቶስ» ነው። በ1998 የመሠረተው ሴን ዱዎንግ የጃኪ ቻን አፍቃሪ ነበር፤ የቻን ፊልሞች አሜሪካ ሲገቡ ሃያስያን ምን እንዳሉ ይሰበስብ ነበር፤ «ራሽ አወር» ሊወጣ ሲል ሰብስቦ የሚያስቀምጥበትን ገጽ ሠራ። ዛሬ ሆሊውድ በሙሉ የሚፈራው መቶኛ የተወለደው እንዲህ፣ ሰዎች ስለ ጃኪ ቻን ምን አሉ ከሚል የአንድ ደጋፊ ጉጉት ነው። መቶኛው ስንት ሃያስያን ፊልሙን እንደወደዱ እንጂ ፊልሙ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይናገርም፤ 60 ከመቶ ከደረሰ ቲማቲሙ ቀይ ነው፣ ካልደረሰ የፈረጠ አረንጓዴ ነው። ይህን ለደጋፊ ማስረዳት ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ የወደደው ፊልም ዝቅ ሲል ሃያስያን ተገዝተዋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ድሮም ብዬ ነበር ይላል።

ከጽሑፍ ገምጋሚዎች መካከል ለአንጋፋ አክተሮች ትልቁን ውለታ የዋለው አውትሎው ቨርን በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ሰው ነው። በ2008 የሲጋልን ፊልሞች አንድ በአንድ፣ በቅደም ተከተል፣ ሊቃውንት አንድን ታላቅ ደራሲ በሚያጠኑበት አኳኋን የመረመረበትን «ሲጋሎጂ» የተባለ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። የትኛው ፊልም ላይ አንገት እንደተሰበረ፣ የትኛው ላይ ስለ ቡድሃ እንደተሰበከ፣ ሲጋል በየፊልሙ የሲአይኤን ምሥጢር እንዴት እንደሚያውቅ ተመዝግቧል። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ያየ ሰው የሚቀልደው ቀልድ ነው፤ ፍቅር ባይኖር ማን ይችለዋል?

በቪዲዮ የመጡት ሌላ ጠባይ አላቸው። በ2009 መጨረሻ ሚልዎኪ የሚገኙት የ«ሬድ ሌተር ሚዲያ» ሰዎች የ1999ኙን የ«ስታር ዎርስ» ፊልም የገመገሙበት ቪዲዮ 70 ደቂቃ ፈጀ፤ ይህ የፊልሙን እኩሌታ ያልፋል። ሰዉ ተቀምጦ አየው። ከዚያ ወዲህ የግምገማ ርዝመት ልጓም የለውም። እነዚሁ ሰዎች የተረሱ የቪዲዮ ካሴት አክሽን ፊልሞችን እየቆፈሩ፣ ቢራ እየጠጡ የሚስቁበት ዝግጅት አላቸው፤ በዚህ ምክንያት እናቱ እንኳ የረሳችው አክተር በድንገት አዲስ ተመልካች ያገኛል። በ2012 የተጀመረው «ሲኒማሲንስ» ደግሞ የፊልሙን ስሕተት እንደ ኃጢአት እየቆጠረ በእያንዳንዱ ላይ ድምፅ ያሰማል። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነበር፤ ኃጢአት ስለማያልቅ ረዘመ። አሠራሩ ለአክሽን ፊልም አይመችም። ጥይቱ የማያልቅ መሣሪያ፣ ተራ በተራ የሚመጣ ጠላት፣ ፍንዳታው ሳይደርስበት ቀስ ብሎ የሚራመድ ጀግና የዘርፉ ስሕተቶች አይደሉም፤ ዘርፉ ራሱ ናቸው። እነሱን ኃጢአት ብሎ መቁጠር ሠርግ ቤት ሄዶ ጭፈራ በዛ ብሎ እንደመክሰስ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ገምጋሚው ከኢንተርኔት በፊት ነበረ። ኡጋንዳ ውስጥ «ቪጄ» የሚባለው ሰው ቪዲዮ አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እግረ መንገዱንም እያሾፈና እያደነቀ ይተርካል። ካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር በጥቂት ገንዘብ የሚሠራው አይዛክ ናብዋና በ2010 ያወጣው «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ?» የተወደደው ለውጊያው ያህል በላዩ ላይ ለሚጮኸው ቪጄ ነው። በአማርኛም ባዕድ ፊልም ላይ ድምፅ የሚጭኑ «ትርጉም» ሠሪዎች ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የአንድ ሰዓት ከግማሽ ፊልም በአሥር ምናምን ደቂቃ የሚተርኩ የ«ፊልም ታሪክ ባጭሩ» ሰዎች ቦታውን ይዘዋል። እነዚህ ጥሩ ተራኪዎች ናቸው፤ ገምጋሚ ለማለት ግን ይከብዳል፤ ፊልሙ መጥፎ ነው ካሉ ማን ይሰማቸዋል? በእነሱ አፍ ሁሉም ፊልም ልብ አንጠልጣይ ነው፤ የወንበሩ ሲጋል ሳይቀር።

ደጋፊና ገምጋሚ እርስ በርስ አይዋደዱም ይባላል። እውነቱ አንዳቸው ያላንዳቸው መኖር አለመቻላቸው ነው። ገምጋሚው የሚስቅበት ነገር የሚሰጠው ደጋፊው ነው፤ ደጋፊው የሚናደድበት ነገር የሚሰጠው ገምጋሚው ነው። አክተሩ ከሁለቱም ይበላል። አንዳንዴማ ራሱ ይመጣል። በ2007 አራተኛው «ዳይ ሃርድ» ሊወጣ ሲል «ኤይንት ኢት ኩል ኒውስ» በተባለው የፊልም ወሬ ገጽ ላይ ደጋፊዎች ፊልሙ ለልጆች ተብሎ ለስልሷል እያሉ ሲያለቅሱ «ዋልተር ቢ» የሚባል ሰው ገብቶ ይሟገታቸው ጀመር። ብሩስ ዊሊስ ነኝ አለ። ማንም አላመነውም፤ ስንቱ ብሩስ ዊሊስ ነኝ ብሏል። በመጨረሻ በቪዲዮ ጥሪ ፊቱን አሳየ፤ እውነትም እሱ ነበር። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ገዛ ፊልሙ ሌሊቱን ሲጨቃጨቅ ከነበረ ኮከብ የበለጠ ለደጋፊ የሚቀርብ ሰው የለም።

በዊሊስ ላይ የደረሰው ግን ሳቁን አስቁሟል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልክ እንደ ሲጋል ፊቱ ፖስተር ላይ ገዝፎ፣ ፊልሙ ውስጥ ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚታይባቸው ፊልሞች ተከታተሉ። ገምጋሚዎች ሰነፈ፣ ገንዘብ ብቻ ይቀበላል እያሉ ተዘባበቱ። የ«ራዚ» ሰዎች ደግሞ በ2021 ብቻ ስምንት መጥፎ ፊልም ሠርቷል ብለው ለእሱ ብቻ የሚሆን ልዩ የሽልማት ዘርፍ ፈጠሩ። በመጋቢት 2022 ቤተሰቡ አፌዥያ በተባለ፣ መናገርንና ቋንቋን በሚያውክ ሕመም ምክንያት ከሥራ መሰናበቱን አስታወቀ፤ በዓመቱ ደግሞ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የተባለ የአንጎል ሕመም መሆኑ ተገለጸ። ሲቀልዱበት የነበረው የዓይኑ መፍዘዝና የንግግሩ ማጠር ስንፍና አልነበረም። «ራዚዎቹ» ሽልማቱን ሰረዙ። ከገምጋሚዎቹም የድሮ ቪዲዮአቸውን ተመልሰው ያዩና ያፈሩ ነበሩ። ጉዳዩ የፖስተር ንግዱን አሠራር ከማንኛውም ግምገማ በላይ አጋልጦታል፤ ፊት የሚገዛ ገበያ ከፊቱ ኋላ ያለው ሰው ደህና ይሁን አይሁን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ኮከቦቹ ለፌዙ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ስታሎን የድሮ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ በ2010 «ዘ ኤክስፔንዴብልስ»ን አወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ከ270 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ። ቫን ዳም መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ ነበር፤ በሁለተኛው ላይ ክፉ ሰው ሆኖ መጣ። ሲጋል በአንዱም የለም። አራተኛው በ2023 ሲወጣ ሰዉ ጠግቦ ነበር፤ ከሠሩበት ገንዘብ እኩሌታውን ያህል ብቻ ነው የመለሰው። ይህንኑ ስታሎንን በ2000 «ራዚዎቹ» የምዕተ ዓመቱ መጥፎ ተዋናይ ብለውት ነበር፤ በ2015 «ክሪድ» ላይ የታመመ ሽማግሌ ሮኪን ሲጫወት ለኦስካር ታጨ፤ «ራዚዎቹም» ጥፋቱን የካሰ ብለው ሽልማት ሰጡት። በአሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት ርግማንና ምርቃት የተቀበለ ሌላ ተዋናይ ማግኘት ያስቸግራል። ሲጋል በበኩሉ በ2016 የሩሲያ ዜግነት ተቀበለ፤ ስለ ግምገማ የሚጨነቅ አይመስልም።

ከሁሉም የተሻለውን መልስ የሰጠው ቫን ዳም ነው። በ2013፣ በ53 ዓመቱ፣ ወደ ኋላ በሚነዱ ሁለት የቮልቮ ከባድ መኪናዎች መካከል ቆሞ፣ መኪናዎቹ ሲራራቁ እግሩን እንደ ድሮው ሲዘረጋ የሚያሳይ ማስታወቂያ ሠራ፤ ዓለም አየው፤ ሱሪውም አልተተረተረም። የቁም ነገሩ መልስ ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 በወጣው «ጄሲቪዲ» ውስጥ ነው። እዚያ ራሱን ሆኖ ይጫወታል፤ ገንዘብ የቸገረው፣ በልጁ ጉዳይ ፍርድ ቤት የተረታ፣ የሲኒማ ሚናው ለሲጋል የተሰጠበት አክተር ነው፤ ሲጋል ሚናውን ያገኘው የፀጉሩን ጭራ ለመቁረጥ ስለተስማማ ነው ይሉታል። ፊልሙ ሲከፈት በአንድ ረዥም ቀረጻ ሰው ሲደበድብ ይታይና ሲያልቅ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሁሉ ሳታቋርጡ ልታሠሩኝ አይገባም ብሎ ወጣቱን አዘጋጅ ይለምናል፤ አዘጋጁም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ወደ መጨረሻው ላይ ወንበሩ ከነሰውዬው ከመድረኩ በላይ ከፍ ይላል፤ መብራቶቹ ይታያሉ፤ ቫን ዳም ካሜራውን እያየ ስድስት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ስለ ዝናው፣ ስለ ሱሱና ስላባከነው ነገር እያነባ ይናገራል። ስለ እሱ ከተጻፈው ግምገማ ሁሉ የከፋው ይኸው ነው፤ የተናገረውም ራሱ ነው። «ታይም» መጽሔት ከዓመቱ ምርጥ ትወናዎች በሁለተኛነት አስቀመጠው። ስለዚህ ወደ ክርክሩ አዲስ የሚገባ ሰው «ብለድስፖርት»ን ማየት ከፈለገ ይይ፣ የገምጋሚዎቹን ቪዲዮም ይከታተል፤ «ጄሲቪዲ»ን ሳያይ ግን ስለ ቫን ዳም አፉን አይክፈት።